ውሃ፣ ውልና ኮምፒዩተር፤ በመተማ ቆላ የሦስት ወሰኖች ታሪክ

የመሐንዲስ ስሌት የሚጀምረው ከመቁጠር ሳይሆን ከመከለል ነው። ዛሬ ድልድይን፣ ግድብን ወይም ጎርፍን በኮምፒዩተር አስመስለን ስናሰላ ባለሙያዎች ዶሜይን የሚሉትን ክልል አስቀድመን እንለያለን፤ ወሰኑን እናሰምራለን፤ በየወሰኑም ላይ ምን እንደሚያልፍና ምን እንደማያልፍ እንደነግጋለን። ተግባሩ አዲስ ይምሰል እንጂ ታሪኩ ረጅም ነው። ይህንንም ታሪክ በሱዳን ጠረፍ ካለው ከመተማ ቆላ የበለጠ የሚያስረዳ ቦታ ማግኘት ያስቸግራል፤ በዚያ ምድር አንዱን ወሰን ውሃ፣ ሁለተኛውን ውል፣ ሦስተኛውን ኮምፒዩተር አስምረውበታልና።

የመጀመሪያው የውሃው ወሰን ነው። ከጣና በስተሰሜን ምዕራብ ካለው ደጋ የሚነሣው ጓንግ ወደ ቆላው ወርዶ ሱዳን ሲገባ አትባራ ይባላል። ከእርሱ በስተደቡብ የሚፈሰው ሽንፋ ደግሞ በሱዳን ራሃድ ተብሎ ከዓባይ ይቀላቀላል። በሁለቱ ወንዞች መካከል ካለው የውሃ መለያ ወዲህና ወዲያ የወደቁ ሁለት የዝናብ ጠብታዎች እንደገና የሚገናኙት ከካርቱም በስተሰሜን፣ አትባራ በተባለችው ከተማ አጠገብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1861 በሰኔ ወር እንግሊዛዊው ተጓዥ ሳሙኤል ቤከር በሱዳን በረሃ፣ በደረቀው የአትባራ አሸዋ ዳር ሰፍሮ ሳለ፣ ሌሊት ጎርፉ እያጓራ ሲደርስ ተመለከተ። ከዚያም ገባሮቹን ተከትሎ እስከ መተማ ከተጓዘ በኋላ፣ የግብፅን ምድር የሚያዳብረው ደለል ከኢትዮጵያ ወንዞች የሚወርድ መሆኑን ጻፈ። በእኛ ሙያ አነጋገር፣ ቤከር በሰፈሩ ያየው ውጤቱን ነበር፤ ምክንያቱን ያገኘው ክልሉን ወደ ላይ በማስፋት ነው።

ሁለተኛው የውል ወሰን ነው። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. በመተማ ጦርነት ቆስለው ካረፉ ከ13 ዓመት በኋላ፣ ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክና የእንግሊዝ ወኪል ጆን ሃሪንግተን በአዲስ አበባ የወሰን ውል ተፈራረሙ። እ.ኤ.አ. በ1903 መስመሩን በምድር ላይ ያመለከተው ሻለቃ ቻርልስ ግዊን የእንግሊዝ ጦር መሐንዲስ ነበር። ሥራው የኢትዮጵያ ወኪል በሥፍራው ሳይገኝ በመከናወኑ ነገሩ ለረጅም ዘመን ሲያነጋግር ኖሯል፤ ሁለቱ መንግሥታትም እ.ኤ.አ. በ1972 ስለ ጉዳዩ ደብዳቤ ተለዋውጠዋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በክርክሩ ላይ ፍርድ መስጠት አይደለም። ለእኛ ቁም ነገሩ ሌላ ነው፤ ይኸውም መስመሩ ወንዞቹን አቋርጦ በማለፉ ካርታውም፣ የዝናብ መዝገቡም፣ የወንዙ ልኬትም በሁለት አገር መሥሪያ ቤቶች ተከፍሎ መቀመጡ ነው።

የዚህን ክብደት የሚያሳይ ምሳሌ ከማዶ አለ። ሱዳን እ.ኤ.አ. በ1964 በአትባራ ላይ ሠርታ የፈጸመችው የኻሽም ኤል ጊርባ ግድብ 1.3 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ እንዲይዝ የታቀደ ነበር፤ ሆኖም በጥቂት ዐሥርተ ዓመታት ውስጥ የመያዣው ግማሽ ያህል በደለል ተሞላ። ያ ደለል በጓንግ፣ በአንገረብና በተከዜ የወረደ አፈር ነው። ለማዶው መሐንዲስ የግድብ ዕድሜ ነው፤ ለእኛው ገበሬ ግን የማሳው ለም አፈር ነበር።

ሦስተኛው ወሰን ከሒሳብ ሊቃውንት የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1870 ጀርመናዊው ሄርማን ሽዋርትዝ ውስብስብ ቅርጽ ያለውን ክልል እርስ በርስ በሚደራረቡ ቀላል ክልሎች ከፍሎ፣ የአንዱን ውጤት ለሌላው የወሰን ዋጋ እያደረገ፣ ሁለቱ እስኪስማሙ ድረስ በመመላለስ የሚሰላበትን መንገድ አሳየ። እ.ኤ.አ. በ1956 ተርነርና ክላፍ ከባልደረቦቻቸው ጋር የአውሮፕላንን አካል በትናንሽ ቁራጮች ከፍለው ያሰሉበትን ዘዴ አሳተሙ፤ ፋይናይት ኤለመንት የሚለውን ስም ያወጣለት ክላፍ እ.ኤ.አ. በ1960 ነው። ከዚያ ወዲህ ሶፍትዌሩ ቅርጹን ራሱ ይከፍላል፤ ለእያንዳንዱም ክልል ቁጥር ይሰጠዋል።

ችግሩም የሚመጣው ከዚሁ ቁጥር ነው። እኔ ራሴ በቆላው ዋልካ ላይ ለሚሠራ አንድ የመንገድ ውሃ ማሳለፊያ ስሌት ሳዘጋጅ፣ ኮንክሪቱን፣ ሙሌቱንና ዋልካውን በሦስት ክልል ለይቼ ነበር። ኋላ አንድ የክንፍ ግድግዳ ስጨምር ሶፍትዌሩ ክልሎቹን እንደ አዲስ ቆጠራቸው፤ የዋልካው ጠባይ ለሙሌቱ፣ የሙሌቱ ለዋልካው ሆነ። መሣሪያው ያለ አንዳች ቅሬታ አስልቶ ያማረ ባለቀለም ሥዕል አወጣ። ስሕተቱን ያገኘው በዚያ አገር ብዙ የሠራ ፎርማን ነው። ሥዕሉን አየና፣ «ኢንጂነር፣ ዋልካ በክረምት እንዲህ ጸጥ ብሎ አይተኛም» አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ክልሎችን በቁጥር ሳይሆን በስምና በቦታቸው እመርጣለሁ፤ ቅርጹ በተለወጠ ቁጥርም የእያንዳንዱን ጠባይ መልሼ እመረምራለሁ።

የጎረቤት ክልሎችም ጉዳይ እንዲሁ ነው። ሁለት ክልሎች አንድ ወሰን ከተጋሩ ውሃውም ሆነ ሙቀቱ ከአንዱ ወደ ሌላው ያልፋል። ፊት ለፊት የቆሙ ሁለት የተለያዩ ወሰኖች ሆነው ከተመዘገቡ ግን፣ በዓይን የተጣበቁ ቢመስሉም፣ እኛ ካላገናኘናቸው በቀር ለመሣሪያው ባዕዳን ናቸው።

ወደ መተማ እንመለስ። ክልል መቆም የሚገባው በወሰኑ ላይ የሚሆነው ነገር በእርግጥ በሚታወቅበት ቦታ ነው። በውሃ መለያው ላይ የዝናብ ጎርፍ ወዲያ ማዶ አይሻገርም፤ ስለዚህ ወሰኑ አስተማማኝ ነው። በመንግሥታት መስመር ላይ ግን ወንዙ ያልፋል፤ መጠኑ ካልተለካ ወሰኑ ግምት ሆኖ ይቀራል። በጠረፍ አጠገብ ለሚሠራ ድልድይ ደግሞ የውሃውን ከፍታ ከታች ያለው የወንዙ ወለል ሊወስነው ስለሚችል፣ ስሌቱን ከመስመሩ ላይ መቁረጥ አደገኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 የአሜሪካ መንኮራኩር በራዳር የለካው የምድር ከፍታ ወዲህና ወዲያ ስለማይል፣ ቢያንስ ለመሬቱ ቅርጽ የምናቀርበው ምክንያት የለም።

ስለሆነም ባልደረቦቼን የማሳስበው አንድ ነገር ነው። በምታቀርቡት ስሌት ሁሉ መግቢያ ላይ ክልሉ ለምን ከዚያ እንደ ቆመና በወሰኑ ምን እንደሚያልፍ በግልጽ ቋንቋ ጻፉ። ግዊን ያሰመረው መስመር ከመቶ ዓመት በላይ ሲያነጋግር ኖሯል፤ እኛም በመሣሪያ ውስጥ የምናሰምረው መስመር ድልድዩ እስከ ቆመ ድረስ፣ በላዩ በሚሻገረው ሰው ሕይወት ይፈተናል።