ሦስቱ የካሣ ልጆችና ስማቸው ያልተጻፈው የእኛ ሰዎች

እኛ አገር «አያቴ ማይጨው ዘምቷል» የማይል ሰው ማግኘት ይከብዳል። ከወልድያ እስከ መርሳ፣ ከመርሳ እስከ ውርጌሳ ብትጠይቁ መልሱ ያው ነው። «ከማን ጋር ዘመተ?» ስትሉ ደግሞ «ከወንድሙ ጋር» ይሏችኋል። ሦስተኛዋን ጥያቄ፣ «በማን ጦር ውስጥ?» የምትለዋን፣ ስታመጡ ግን ወሬው ይቆማል። ቡናው ይቀዳል፣ ስለ ዝናቡ ይወራል። እኛም ይህችን ሦስተኛ ጥያቄ ይዘን ነው ወደ ታሪክ የገባነው።

ነገሩን ለማየት መጀመሪያ ራቅ ወዳለ አገር እንሂድ። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት፣ እ.ኤ.አ. ከ1861 እስከ 1865፣ የደቡቦቹ ማለትም የኮንፌዴሬሽኑ እግረኛ ጦር የሚቋቋመው በአገር ልጅነት ነበር። መቶ ያህል ሰው አንድ ሻምበል ይሆናል፣ አሥር ሻምበል አንድ ሬጅመንት። ሻምበሉ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ወረዳ የተውጣጣ ስለሆነ ወንድም ከወንድሙ፣ አማች ከአማቹ አንድ ሰልፍ ላይ ይቆማል። መልካም ቀን ሲሆን ይህ ጥሩ ነው፤ ክፉ ቀን ሲመጣ ግን አንድ መንደር በአንድ ከሰዓት ወንድ አልባ ይሆናል። ጌቲስበርግ ላይ ከ800 በላይ ሰው ይዞ የተሰለፈው 26ኛው የሰሜን ካሮላይና ሬጅመንት ከግማሽ የሚበልጠው ሞቶበታል፣ ቆስሎበታል፣ ተማርኮበታል። የስንት እናት ቤት እንደተዘጋ መገመት ነው።

ታዲያ ዛሬ የእነዚያ ሰዎች የልጅ ልጅ «ቅድመ አያቴና ወንድሙ የት ነበሩ?» ቢል መልስ ያገኛል። ምክንያቱም በየሁለት ወሩ ለደመወዝ ስም ይጠራ ነበር፤ ያለ፣ የታመመ፣ የኮበለለ፣ የሞተ እየተባለ ይጻፍ ነበር። ከሁሉ የገረመን ግን መዝገቡን ለታሪክ ያቆየው ማን እንደሆነ ነው። ጠላት ነው! ደቡብ በ1865 ሲሸነፍ የተገኘው ወረቀት ወደ ዋሽንግተን ተወሰደ፤ ከ1903 ጀምሮ ደግሞ ያሸነፈው መንግሥት የጦር ሚኒስቴር ለእያንዳንዱ ተሸናፊ ወታደር ካርድ አዘጋጀለት። ያ ጦር የተዋጋው ባርነትን ለማቆየት መሆኑን አንረሳም፣ ቅናታችንም ለዓላማው አይደለም። ለወረቀቱ ነው።

ወደ እኛው እንመለስ። ክተት ሲታወጅ የኛ ባላገር የሚዘምተው መዝገብ ላይ ፈርሞ አይደለም። ስንቁን በአህያ ጭኖ፣ ያለው ጠመንጃውን፣ የሌለው ጦርና ጎራዴውን ይዞ፣ አለቃውን ተከትሎ ይወጣል። አለቃው የምስለኔው፣ ምስለኔው የደጃዝማቹ፣ ደጃዝማቹ የራሱ ሰው ነው። እንግዲህ ሰውየው የሚታወቀው በቁጥር ሳይሆን «የእገሌ አሽከር» በመባል ነው። እንደ ክብር ዘበኛው ያለው ዘመናዊ ጦር ነው በስም ዝርዝር የሚሄደው፤ ባላገሩ ዘማች ግን በአመዛኙ ስሙን ይዞት ሄዶ ስሙን ይዞት ይቀራል።

በዚህ ላይ የስማችን ነገር አለ። የቤተሰብ መጠሪያ የለንም። ሁለት ወንድማማቾችን በወረቀት ላይ የሚያገናኛቸው የአባት ስም ብቻ ነው፤ በእናት ብቻ የሚገናኙ ከሆነ እሱም የለም። ዘማቹ የክርስትና ስም አለው፣ የቤት ስም አለው፣ ሲፎክር ደግሞ «አባ እንዲህ» የሚል የፈረስ ስም ያወጣል። በወሎ ደግሞ ከአንድ እናት የወጡ ወንድማማቾች አንዱ ሙስሊም አንዱ ክርስቲያን ቢሆኑ የሚደነቅ የለም። የትልቆቹን እንኳ ብናይ፣ ንጉሥ ሚካኤል እስከ ቦሩ ሜዳ ጉባኤ ድረስ መሐመድ አሊ ነበሩ። እሳቸው ንጉሥ ስለሆኑ ሁለቱም ስማቸው ተጽፏል። የሀብሩ ገበሬ ስሙን ቢቀይር ግን ማን ይጽፍለታል?

ስለዚህ በዚህ ዘመቻ ወንድማማቾችን ከመነሻ እስከ መጨረሻ ተከትሎ መሄድ የሚቻለው በመኳንንቱ ቤት ነው። እኛም የመረጥናቸው የልዑል ራስ ካሣ ኃይሉን ልጆች ነው። ራስ ካሣ በአባታቸው የላስታ ሰው ናቸው፣ በእናታቸው ደግሞ የራስ ዳርጌ የልጅ ልጅ። አራት ወንዶች ልጆች ነበሯቸው፤ ወንድወሰን፣ አበራ፣ አስፋ ወሰንና ትንሹ አሥራተ። እዚህም ላይ ፈላጊ ይሳሳታል፤ በ1928 ዓ.ም. ደሴ ላይ «አስፋ ወሰን» ሲባል የወሎ ገዥ የነበሩት አልጋ ወራሹ እንጂ የካሣ ልጅ አይደሉም። ወንድወሰንም አንዳንዱ ጽሑፍ ላይ «ወንድ በወሰን» ነው፤ ፈረንጆቹማ እንደመጣላቸው ነው የጻፉት።

ጣሊያን መረብን የተሻገረው መስከረም 22 ቀን 1928 ነው። ራስ ካሣ የሰሜኑ ግንባር አዛዥ ሆኑ፤ በጌምድርን ይገዙ የነበሩት ደጃዝማች ወንድወሰንና የሰላሌው ደጃዝማች አበራም ከአባታቸው ጋር ተምቤን ተሰለፉ። በጥር ወር በመጀመሪያው የተምቤን ጦርነት ወርቅ አምባና የወርዒ መተላለፊያ አካባቢ ጠላትን አስጨንቀውት ነበር፤ የመርዝ ጋዙና አውሮፕላኑ ነው ያተረፈው። በሁለተኛው፣ ከየካቲት 19 እስከ 21፣ የራስ ካሣና የራስ ሥዩም ጦር ተፈታ። መጋቢት 22 ማይጨው ሆነ።

የኛ ሰፈር ሰዎች ወደዚህ ጦርነት የሄዱበትን መንገድ ሁላችንም በሚኒባስ እናውቀዋለን፤ ውርጌሳ፣ መርሳ፣ ወልድያ፣ ጎብዬ፣ ሮቢት፣ ቆቦ፣ አላማጣ፣ ከዚያ የግራ ካሕሱን ዳገት ወጥቶ ኮረም። ያኔ በእግር ነው። መመለሱ ግን በዚያው መንገድ አልሆነላቸውም። አሸንጌ ሐይቅ ዳር የሚሸሸው ጦር ቦምብና መርዝ ዘነበበት፤ በየጋራው ጥግ የሚተኩስ ነበር፤ ሚያዝያ 7 ቀን ደግሞ ደሴ ተያዘች። ንጉሠ ነገሥቱ ራስ ካሣን ይዘው በላስታ በኩል፣ ላሊበላ ተሳልመው፣ በወረ ኢሉ አድርገው ፍቼ ወጡ። ሚያዝያ 24 ከአዲስ አበባ በባቡር ሄዱ። ራስ ካሣም አብረው ተሰደዱ፤ አሥራተ ገና ልጅ ስለነበር ከአባቱ ጋር በስደት ኖረ።

ሦስቱ ግን ቀሩ። ወንድወሰን በአያታቸው አገር በላስታ፣ አበራና አስፋ ወሰን በሰላሌ። ይኸ ነው እኛን የያዘን። በአንድ ግንባር የተሰለፉ ወንድማማቾች አሁን በሁለት አገር ተከፍለው፣ በመካከላቸው የጠላት ጦር ገብቶ፣ ያው ጦርነት ይዋጋሉ። ሐምሌ 21 ቀን 1928 አርበኞች አዲስ አበባን ለመያዝ ከየአቅጣጫው ሲገቡ የደጃዝማች አበራ ጦር አንዱ ክንፍ ነበር። ምክሩ ደብረ ሊባኖስ ነው የተመከረው። ክረምት ነው፣ ወንዙ ሞልቷል፣ አንዱ ሲደርስ ሌላው አልደረሰም። በማግስቱ አቡነ ጴጥሮስ በጥይት ተደበደቡ።

ዝናቡ ሲያባራ ጣሊያን ተራ በተራ መጣባቸው። ደጃዝማች ወንድወሰን በታኅሣሥ 1929 መጀመሪያ ላስታ ውስጥ፣ ወደ ተከዜ መነሻ አካባቢ ተይዘው ተረሸኑ። ሰላሌ ላሉት ወንድሞቻቸው ደግሞ ሌላ መንገድ ተዘጋጀላቸው፤ ሽማግሌ። ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ገቡ፣ የጣሊያኑ ጄኔራል ትራኪያም ሕይወታቸው እንደማይነካ ቃል ሰጠ። ብላታ መስፍን ስለሺ አላመኑም፣ አመለጡ። አበራና አስፋ ወሰን ግን ገቡ። ታኅሣሥ 12 ቀን 1929 ፍቼ ላይ ተገደሉ፤ ራሳቸውም ተቆርጦ ለሕዝብ ታየ። ሁለት ሳምንት ባልሞላ ጊዜ ሦስት ወንድማማቾች!

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘለሉትን ሰው እናንሳ። የደጃዝማች አበራ ባለቤት ወይዘሮ ከበደች ሥዩም፣ የራስ ሥዩም መንገሻ ልጅ፣ ባላቸው ሲገደሉ ጦሩን ይዘው ጫካ ገቡ፤ ሲዋጉ ቆይተው በሱዳን በኩል ኢየሩሳሌም ደረሱ። የወንድማማቾች ታሪክ እየተባለ ሲወራ የሚስቶቹና የእናቶቹ ድርሻ በአንድ መስመር ይታለፋል፤ እኛም አሁን በሁለት መስመር አለፍነው፣ ሌላ ቀን ለብቻው ይጻፋል።

እንግዲህ ይህን ሁሉ በቀን የምንቆጥረው ከየት ተገኝቶ ነው? ከራሳችን ሰዎች ትዝታ ነው፤ ቀኑንና ሰዓቱን ግን በብዛት የያዘው የገዳዩ ወረቀት ነው። ግራዚያኒ ወደ ሮማ ቴሌግራም ይልክ ነበር፤ ማን እንደተያዘ፣ ማን እንደተረሸነ። የኢትዮጵያ የፍርድ ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ1949 እና በ1950 የጣሊያንን የጦር ወንጀል ማስረጃ በሁለት ቅጽ ሲያሳትም ያቀረበው ከእንዲህ ዓይነቱ የጠላት ወረቀት ነው። እንደ ኮንፌዴሬሽኑ ወታደር ሁሉ የካሣን ልጆችም የመዘገባቸው የገጠማቸው ወገን ነው። ልዩነቱ ዋሽንግተን ተራውንም ወታደር መጻፉ ነው። ግራዚያኒ የጻፈው ትልልቁን ብቻ ነው፤ የተረፈው «አንድ ሺህ አማፂ» ውስጥ ይገባል።

አባታቸው ራስ ካሣ በ1933 ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ተመለሱ፤ ልጆቻቸው በተገደሉበት በሰላሌ በኩልም ከእንግሊዙ ዊንጌት ጋር ሆነው የጣሊያን ጦር እጅ ሲሰጥ አዩ። እስከ 1949 ዓ.ም. ኖሩ። ከአራቱ የቀረው አሥራተ ራስ ሆነ፣ በኤርትራ የንጉሠ ነገሥቱ እንደራሴ ሆነ፤ ኅዳር 14 ቀን 1967 ደርግ በአንድ ሌሊት ከገደላቸው ባለሥልጣኖች አንዱም እሱ ነው። ሦስቱን ጣሊያን፣ አራተኛውን የአገሩ ሰው። ጀርመን አገር የሚኖረው ደራሲ አስፋ ወሰን አሥራተ የእሱ ልጅ ነው፤ የአጎቱን ስም ይዟል።

የእኛዎቹስ? የሀብሩን ወንድማማቾች ፍለጋ ሌላ ዓይነት ነው። መጠየቅ ያለበት «በየትኛው ጦር?» ሳይሆን «ጌታው ማን ነበር?» ነው፤ ጌታው ከታወቀ ጦሩም ግንባሩም ይታወቃል። ቀጥሎ የእናት ስም፣ የፈረስ ስም፣ የክርስትና ስም፣ ደብሩ። ተዝካሩ በየትኛው ወር ወጣ? ሰደቃው መቼ ነበር? ቀን የሚገኘው ከዚያ ነው። ከድል በኋላ ወንድሞች ወይም የወንድም ሚስት መሬት ተካሰው እንደሆነ የፍርድ ቤት ወረቀቱ ላይ «ማይጨው የቀረው» ተብሎ ይጻፋል፤ ርስት ባለበት ሁሉ ሙግት አለና ይህ ከሁሉ ይበልጣል። የአልቃሽ ግጥምም አይናቅ፤ ሙሾ የሟቹን አባት፣ አገሩንና የሞተበትን ቦታ ሳይጠራ አይሄድም።

ወረቀቱ ግን እየሳሳ ነው። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ጦርነቱ በእኛው ከተሞች ላይ ሲያልፍ መሥሪያ ቤቶች ተዘርፈዋል። በዚያ ጦርነት ከአንድ ቤት ሁለት ወንድማማቾች የወጡባቸው ቤቶች አሉ፤ እነሱንም «ከማን ጋር ነበሩ፣ የት ቀሩ?» የሚል ልጅ ነገ ይመጣል፤ ስማቸውን አሁኑኑ ደብተር ላይ ማስፈር የሚከለክለን የለም። የማይጨው ደግሞ ከዚህ የባሰ አጣዳፊ ነው። አባቱ ስንቁን ጭኖ ከመርሳ ሲወጣ የአምስት ዓመት ልጅ የነበረ ሰው ዛሬ ከዘጠና ዓመት በላይ ነው።