ፕሮካርዮቶችን መመደብ፦ ከቅርጽ ወደ ዘር ሐረግ

ፕሮካርዮቶች፣ ማለትም ሴላቸው ኒውክለስ የሌለው ረቂቅ ሕያዋን፣ በመልካቸው ብዙ አይናገሩም። በማይክሮስኮፕ ሲታዩ አብዛኞቹ ዘንግ፣ ክብ ወይም ጥምዝ ናቸው። ሃንስ ክርስቲያን ግራም እ.ኤ.አ. በ1884 ያስተዋወቀው የማቅለም ዘዴ የሴል ግድግዳን ልዩነት ስለሚያሳይ ዛሬም በየሆስፒታሉ ላቦራቶሪ ይሠራበታል፤ ማን ከማን እንደሚዛመድ ግን አያስረዳም። ፕሮካርዮቶችን በአንድ ያሰባሰባቸው ኒውክለስ ማጣታቸው ነው፤ በማጣት የተሰባሰበ ደግሞ የአንድ አባት ልጅ ላይሆን ይችላል።

ይህን የፈተነው በአሜሪካ የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲው ካርል ዎስ ነው። ፕሮቲን የማይሠራ ሴል የለም፤ ፕሮቲን የሚሠራውም በራይቦዞም ነው። ስለዚህ በሁሉም ዘንድ የሚገኘውና ቀስ ብሎ የሚለወጠው ራይቦዞማል አርኤንኤ ሩቅ ዘመዶችን እንኳ ለማነጻጸር ያስችላል። ዎስ ሞለኪዩሉን በጨረር አመንጪ ፎስፈረስ ምልክት እያደረገ፣ በኤንዛይም እየቆራረጠ፣ ቁርጥራጮቹን በኤሌክትሪክ እየለያየ፣ ፊልም ላይ ያረፈውን ነጠብጣብ ለዓመታት ሲያነብ ኖረ። ሚቴን የሚያመነጩት ረቂቅ ሕያዋን ተራ ሲደርስ በባክቴሪያዎች ሁሉ ያያቸው የነበሩ ቁርጥራጮች ጠፉ። እ.ኤ.አ. በ1977 ከጆርጅ ፎክስ ጋር ባሳተመው ጽሑፍ እነዚህ ራሳቸውን የቻሉ ሌላ ዘር መሆናቸውን አስታወቀ፤ ዛሬ አርኬያ የምንላቸው እነሱን ነው። የሽፋናቸው ቅባት የሚያያዝበት ኬሚስትሪም ከባክቴሪያ የተለየ ነው። ይልቁንም የሚደንቀው፣ በዘር ሐረግ አርኬያ ከባክቴሪያ ይልቅ ለእኛ ለባለ ኒውክለሶቹ መቅረባቸው ነው። እንግዲህ «ፕሮካርዮት» የሴል አሠራርን ይገልጻል እንጂ አንድን የዘር ግንድ አያመለክትም።

የዘር ሐረግ ግን ሁልጊዜ ስም አያስለውጥም። የደም ተቅማጥ የሚያስከትለው ሺጌላ በጂኖሙ ሲመረመር ኢ. ኮላይ በተባለው የባክቴሪያ ዝርያ ውስጥ ይወድቃል። ሆኖም የሕክምናው ዓለም እንዳይደናገር የቀድሞ ስሙ ተጠብቆለታል፤ ይህ ለሕሙማን ሲባል ተገቢ ነው።

የከፋው ችግር ሌላ ነው፤ እሱም ላቦራቶሪ ውስጥ ያልተራቡትን መሰየም ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት በኢትዮጵያ በዳሎል አካባቢ ጨዋማ ውሃዎች ውስጥ ብዙ ዓይነት አርኬያ ሲያገኝ፣ ከፍተኛ አሲድና ጨው በተደራረቡባቸው ኩሬዎች ግን ሕይወት አላገኘም። እንደ ጨዋማዎቹ ውሃዎች ባሉ ስፍራዎች የሚኖሩት በአብዛኛው የሚታወቁት ከአካባቢያቸው በተወሰደ ዲኤንኤ ነው። ዓለም አቀፉ የስያሜ ደንብ ደግሞ አዲስ ዝርያ የሚጸናው በሕይወት ያለ ናሙናው በሁለት አገሮች ባሉ የክምችት ተቋማት ሲቀመጥ ብቻ ነው ይላል። ላቦራቶሪ ውስጥ ማራባት ያልተቻለው ሁሉ ከመዝገቡ ውጭ ይቀራል፤ እነዚህ ደግሞ ከፕሮካርዮቶች እጅግ የሚበዙት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ሴክኮድ የተሰኘ ሌላ ደንብ ጥራቱ የተረጋገጠ ጂኖም ለስያሜ መሠረት እንዲሆን ፈቅዷል። ለአንድ ሳይንስ ሁለት መዝገብ አይበጅምና ሁለቱ ደንቦች ሊዋሐዱ ይገባል፤ ሲዋሐዱም ጂኖም ከሕያው ናሙና እኩል ተቀባይነት ሊኖረው ይገባል።