ሺሻ፦ ውሃው የማያጣራው ጭስ



በቦሌ ሚካኤል፣ በሩዋንዳ፣ በገርጂ ወይም በሰሚት ከሚኖሩ ወጣቶቻችን ጋር ስለ ትምባሆ ስናወራ ደጋግመን የምንሰማው መልስ አለ። «እኔ ሲጋራ አላጨስም፤ ሺሻ ብቻ ነው» ይሉናል። ሺሻ ትምባሆ ያልሆነ ያህል ማለት ነው። አንዳንዱማ «መጠጥ ቤት ከመግባት ይሻላል» ብሎ እንደ ንጹህ መዝናኛ ይቆጥረዋል። ስለዚህ ሺሻ ምን እንደሆነ፣ በሰውነት ላይ ምን እንደሚያደርግና የአገራችን ሕግ ምን እንደሚል በአጭሩ ለማቅረብ ወደድን።

ሺሻ ላይ የሚጨሰው ምንድን ነው?

በሸክላው ላይ የሚቀመጠው ሙዓሰል ይባላል። ስሙ ማር ከሚለው የዓረብኛ ቃል፣ ከዐሰል፣ የመጣ ነው። ማርና ጣፋጭ ይግባበት እንጂ መሠረቱ የትምባሆ ቅጠል ነው፤ በላዩ ላይ የአፕል፣ የወይን ወይም የሚንት ማጣፈጫ ይጨመርበታል። ኒኮቲን ስላለው እንደ ሲጋራው ሱስ ያስይዛል። ከላዩ የጋመ ከሰል ይቀመጥና ሰውየው በቱቦው ሲስብ ጭሱ በጠርሙሱ ውሃ ውስጥ አልፎ ወደ ሳንባው ይገባል።

ትልቁ ስህተት ያለው እዚህ ላይ ነው። ብዙዎች ውሃው መርዙን አጥቦ የሚያስቀር ይመስላቸዋል። ውሃው በዋናነት የሚያደርገው ጭሱን ማቀዝቀዝ ነው። የቀዘቀዘ ጭስ ጉሮሮ አይቧጥጥም፤ ስለዚህ በረዥሙና በጥልቀት ይሳባል። ኒኮቲኑ፣ ሬንጅ መሰሉ ዝቃጭና ካንሰር አምጪ ኬሚካሎቹ ከጭሱ ጋር አብረው ያልፋሉ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2005 እ.ኤ.አ. ባወጣው ማሳሰቢያ፣ አንድ ሰዓት ሺሻ ሲያጨስ የቆየ ሰው የሚስበው የጭስ መጠን ከአንድ ሲጋራው ከ100 እስከ 200 እጥፍ ሊደርስ እንደሚችል ገልጿል። ይህ የጭሱ ብዛት ነው፤ እያንዳንዱ መርዝ በዚያው ልክ ይበዛል ማለት አይደለም። ይሁንና «ሺሻ ቀላል ነው» የሚለውን ወሬ ውድቅ ለማድረግ በቂ ነው።

የከሰሉ ጉዳይ

በአገራችን የከሰል ጭስ ምን እንደሚያደርግ የማያውቅ ሰው የለም። በክረምት ብርድ፣ በተዘጋ ክፍል ከሰል አቀጣጥለው የተኙ ሰዎች ሞተው ስለመገኘታቸው በተደጋጋሚ ሰምተናል። ገዳዩ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ሽታም ቀለምም የሌለው ጋዝ ነው። በደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል። ሺሻም የሚጨሰው በከሰል ነው። ያውም ሰውየው የከሰሉን ትነት ሆን ብሎ ወደ ሳንባው ይስበዋል። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ አንዳንዴም ራስን መሳት ይከተላል። ማዞሩን ብዙ ልጆች «ምርቃና» ይሉታል።

ሺሻ በሕግ የተከለከለ በመሆኑ ደግሞ በድብቅ የሚሠሩ ቤቶች መስኮት ዘግተውና መጋረጃ ጋርደው ነው የሚያስተናግዱት። ጫቱም እዚያው ስለሚቃም ሰው ለረጅም ሰዓት ከክፍሉ አይወጣም። ጭሱ መውጫ ያጣል። ከሁሉ የምታሳዝነን ከሰሉን የምታቀጣጥለውና ሸክላውን የምታዘጋጀው ልጅ ናት። ደንበኛው ሁለት ሰዓት ቆይቶ ይሄዳል፤ እሷ ግን ቀኑን ሙሉ ያንኑ አየር ትተነፍሳለች። አጫሽ ነሽ ብትባል አይደለሁም ማለቷ አይቀርም።

ከቆይታ በኋላ የሚመጣው ጉዳት ከሲጋራው ጋር ተመሳሳይ ነው፦ የልብና የደም ሥር በሽታ፣ የሳንባና የአፍ ካንሰር፣ ሥር የሰደደ የመተንፈሻ አካል ሕመም። ነፍሰ ጡር ስታጨስ ደግሞ ልጇ ክብደቱ አንሶ ሊወለድ ይችላል። በሺሻ የሚጨመረው አደጋ የቱቦው ነው። አንዱ ስቦ ለሌላው ሲያቀብል እንደ ሳንባ ነቀርሳ ያሉ በሽታዎች ከሰው ወደ ሰው የሚሸጋገሩበት ዕድል ይኖራል። ኢትዮጵያ ሳንባ ነቀርሳ በብዛት ከሚገኝባቸው 30 የዓለም አገሮች አንዷ ናት፤ ትምባሆ ማጨስ ራሱም ለዚህ በሽታ ያጋልጣል።

ሕጉ ምን ይላል?

ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅትን የትምባሆ ቁጥጥር ስምምነት በ2006 ዓ.ም አጽድቃለች። ከዚያ በኋላ የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የሺሻ ትምባሆንና የኤሌክትሮኒክ ሲጋራን ንግድ ከልክሏል። ማጣፈጫ የተጨመረበት ትምባሆም አይፈቀድም። ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው ማንኛውንም የትምባሆ ምርት መሸጥ ክልክል ነው። ሆቴል፣ ካፌና ቢሮን ጨምሮ ሕዝብ በሚገለገልበት ቤት ውስጥ ማጨስም እንዲሁ። ሲጋራውን «ሕጋዊ»፣ ሺሻውን «ቀላል» የሚሉ ወገኖቻችን ሕጉ የጠበቀው በሺሻው ላይ መሆኑን ልብ ቢሉት መልካም ነው። ሸሪዓዊ ብይኑን በተመለከተ ብዙ የዘመናችን ዑለሞች ትምባሆን የከለከሉት ነፍስንና ገንዘብን ስለሚጎዳ ነው፤ ምክንያቱ ሺሻንም ይመለከታል። ዝርዝሩን ለኡስታዞቻችን እንተወዋለን።

ለማቆም

ሺሻ የሚያጨስ ጾመኛ በረመዷን ሳያስበው ግማሹን መንገድ ይሄዳል። አዲስ አበባ ውስጥ ጾሙ 13 ሰዓት ያህል ይቆያል። ካጨሱ ከ20 ደቂቃ በኋላ የልብ ምት መውረድ ይጀምራል፤ በ12 ሰዓት ገደማ ደግሞ በደም ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ወደ ጤናማ መጠን ይመለሳል። መግሪብ አዛን ሲል የጾመኛው ደም ከዚያ ጭስ ጸድቷል ማለት ነው። ችግሩ ከኢፍጧር ወይም ከተራዊሕ በኋላ ጓደኛ ሲደውል ነው። የኒኮቲን ፍላጎት የሚጠናው በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ቀናት ሲሆን፣ ብስጭቱና የእንቅልፍ መዛባቱ በብዛት ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ይረግባል። የረመዷን ወር ይህን ጊዜ ይሸፍናል። ስለዚህ ለማቆም የወሰነ ሰው በተለይ የመጀመሪያዎቹን ምሽቶች ከቤተሰብ ጋር ወይም መስጂድ ቢያሳልፍና ከጫት መቃሚያው ቢርቅ ይጠቅመዋል፤ ጫቱ ሺሻውን ይጠራልና። ሳል የማይለቀው፣ ደረቱን የሚወጋው ወይም አክታው ደም የቀላቀለ ሰው ረመዷንን ሳይጠብቅ ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ይሂድ። በሰፈሩ ሺሻ የሚሸጥበትን ቤት መጠቆም የሚፈልግ ደግሞ ለምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በነጻ የስልክ መስመር 8482 መደወል ይችላል።