እንዶድ፦ ከልብስ ማጠቢያነት እስከ ቢልሃርዝያ መከላከያነት

የቆቦና የራያ ቆላ በምዕራብ በደጋው ግርጌ፣ በምሥራቅ በዞብል ተራሮች የታጠረ ሰፊ ሜዳ ነው። ሕዝቡ እንደ ሆርማትና ጎሊና ባሉት ወንዞች ያርሳል፣ ከብት ያጠጣል፣ ገላውንና ልብሱንም ያጥባል። ይኸው ውኃ የአንጀት ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ መኖሪያ ሊሆን ይችላል፤ በሜዳው ባሉት ዋጃና ጥሙጋ በሽታው በተማሪዎች ላይ መገኘቱ በጥናት ተረጋግጧል። በመሆኑም የእንዶድ ታሪክ ለዚህ አካባቢ የጤና ባለሙያ ባዕድ አይደለም።

እንዶድ ሳሙና በገበያ ሳይስፋፋ ሸማ የሚነጣበት ተክል ነበር። ፍሬው ደርቆ ይወቀጣል፣ በውኃ ተበጥብጦም አረፋ ያወጣል። ከዚህም ሌላ ሥሩና ቅጠሉ ለኮሶ፣ ለጨብጥ፣ ለወፍ በሽታና ለእብድ ውሻ በሽታ መድኃኒት ተብሎ ሲሰጥ ኖሯል፤ ፅንስ ለማስወረድም በድብቅ ይጠጣል።

እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ በአድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ በታች በርካታ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አስተዋሉ። ምርምሩም ከዚህ ተነሣ። በዚያው ከተማ ከ1969 እስከ 1974 በተካሄደው ሙከራ ወንዞቹ በእንዶድ ሲታከሙ፣ ከ1 እስከ 6 ዓመት ባሉት ሕፃናት ላይ የበሽታው ሥርጭት ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ። ሆኖም በሰፊው ለመጠቀም ዓለም አቀፍ ደረጃን የጠበቀ የመርዛማነት ጥናት በመጠየቁ ዓመታት አለፉ። ዶክተር አክሊሉና ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ በ1989 «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ሽልማት ሲቀበሉ እንዶዱ ገና በስፋት በሥራ ላይ አልዋለም ነበር።

ቀንድ አውጣውን የሚገድለው ሳፖኒን የተባለው ንጥረ ነገር ልብሱን የሚያነጣውም እርሱው ነው። ይህ ንጥረ ነገር ቀይ የደም ሕዋሳትን ያፈርሳል፣ የሆድ ዕቃን ስስ ሽፋን ይቆጣል፣ ዓይንንም ያቃጥላል፤ ዓሣም ይፈጃል። እንዶድ የጠጣ ሰው ብርቱ ትውከትና ተቅማጥ ይይዘዋል፤ መጠኑ ከበዛ ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። የባህል መጠን ደግሞ በእፍኝና በጣት የሚለካ እንጂ የሚታወቅ ልክ የለውም።

ስለዚህ ምክንያቱ ያልታወቀ ትውከትና ተቅማጥ ይዞት የመጣን ሕመምተኛ፣ በተለይም ደም የሚፈሳትን ወጣት ሴት፣ ስለ ባህል መድኃኒት ያለ ወቀሳ መጠየቅ ይገባል፤ የተወቀሰች ሴት እውነቱን ትሸሽጋለችና። በእብድ ውሻ የተነከሰም ሰው በሥር ተማምኖ ክትባቱን ሲያዘገይ ሕይወቱን ለአደጋ ይሰጣል። ቢልሃርዝያን በተመለከተም መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ነው፤ እንዶድ ሥራው በወንዙ እንጂ በሰው ሆድ አይደለም። ፕራዚኳንቴል የወሰደ ልጅም ወደዚያው ወንዝ ሲመለስ እንደገና ሊያዝ ስለሚችል፣ ከአድዋ ሙከራ የተገኘው ትምህርት፣ ማለትም ሕመምተኛውን ብቻ ሳይሆን ውኃውንም ማየት፣ ዛሬም ዋጋውን አላጣም።