ከአካል የመነጨና ከውጭ የገባ

በ1980 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፤ የሚከተሉትም ዓመታት እንዲሁ ናቸው) በተካሄደው የሞስኮ ኦሊምፒክ አበረታች መድኃኒት ወስዶ የተገኘ አንድም ስፖርተኛ የለም ተብሎ ነበር። በኋላ የኮሎኙ ኬሚስት ማንፍሬድ ዶኒከ ከዚያው ውድድር የተገኙ የሽንት ናሙናዎችን በራሱ ዘዴ ቢመረምር፣ ቴስቶስቴሮን ከልክ በላይ የታየባቸው ጥቂት አልነበሩም።

አምፌታሚን በሽንት ውስጥ ከተገኘ ከውጭ መግባቱ አያከራክርም። ቴስቶስቴሮንን ግን አካል ራሱ ያመነጨዋል፤ መጠኑም ከሰው ሰው፣ ከሰዓት ሰዓት ይለያያል። ስለዚህ ዶኒከ መጠኑን ብቻ ከመለካት ይልቅ ማነጻጸርን መረጠ። አካል ከቴስቶስቴሮን ጎን ኤፒቴስቶስቴሮን የሚባል፣ ጡንቻ የማያዳብር ተጓዳኝ ያመነጫል፤ በብዙ ሰዎች ሽንት ውስጥም ሁለቱ በተቀራራቢ መጠን ይገኛሉ። በመርፌ የተወሰደ ቴስቶስቴሮን ግን ወደ ተጓዳኙ እምብዛም ስለማይለወጥ ጥምርታው ይዛባል። ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ ወሰኑን 6 ለ1 አደረገ። በ1983 የዶኒከ ቡድን በካራካስ የፓን አሜሪካ ውድድር ላይ መሣሪያውን ተክሎ ብዙ ክብደት አንሺዎች ሲያዙ፣ ከ10 የሚበልጡ የአሜሪካ አትሌቶች ሳይወዳደሩ ወደ አገራቸው ተመለሱ።

ይሁን እንጂ በቁጥር የተጻፈ ወሰን መርማሪውን ብቻ ሳይሆን አታላዩንም ያስተምራል፤ ይህን በማናቸውም ፋብሪካ የጥራት ቁጥጥር ላይ የሠራ መሐንዲስ አይስተውም። ምሥራቅ ጀርመን ስፖርተኞቿን ወደ ውጭ ከመላኳ በፊት ሽንታቸውን በክራይሻ ላቦራቶሪ ታስመረምር ነበር፤ ላቦራቶሪውም የኦሊምፒክ ኮሚቴው ዕውቅና የሰጠው ነበር! ጥምርታው ከወሰኑ እንዳያልፍም ኤፒቴስቶስቴሮን ጭምር ተዘጋጅቶ ይሰጥ ነበር።

መልሱ የተገኘው ከካርቦን ነው። ፋብሪካ ቴስቶስቴሮንን የሚሠራው እንደ አኩሪ አተር ካሉ ዕፅዋት በሚገኝ ጥሬ ዕቃ ሲሆን፣ በውስጡ ያለው ካርቦን 13 የተባለው ከባዱ የካርቦን ዓይነት ልዩ ልዩ ምግብ የሚበላ ሰው ራሱ ከሚያመነጨው በጥቂቱ ያንሳል። ይህን ቅንጣት ልዩነት የሚለካው መሣሪያ በ1990ዎቹ ለምርመራ ዋለ። ነገር ግን ውድና አዝጋሚ በመሆኑ ለየትኛው ናሙና እንደሚውል የሚጠቁመው ያው የጥምርታው ምርመራ ሆኖ ቀረ።

ጥምርታውም ቢሆን ሁሉን እኩል አይዳኝም። በተለይ በምሥራቅ እስያ ብዙ ሰዎች ቴስቶስቴሮንን ወደ ሽንት ለማስወገድ የሚረዳው አንድ ጂን የላቸውም፤ እንዲህ ያለው ሰው መርፌውን ወስዶም ወሰኑ ወደ 4 ለ1 ዝቅ ካለ በኋላ እንኳ ሳይደርስበት ሊያልፍ ይችላል። ከ2014 ወዲህ የእያንዳንዱ ስፖርተኛ የቀድሞ ውጤት ተመዝግቦ አዲሱ ናሙና ከራሱ ታሪክ ጋር ይነጻጸራል።