ቃል የሌለው ዘፈን

ከጉዛራ ግንብ ሥር ለምንኖር ለእንፍራንዝ ሰዎች ዘፈን ማለት ግጥም ነው፤ አዝማሪው ማሲንቆውን የሚገዘግዘው ስንኙን ሊያጅብበት ነው። ዋሊያስ ባንድ ግን እ.ኤ.አ. በ1977 «ቼ በለው» በተሰኘው አልበሙ ዜማውን ከድምፃዊ አፍ ወስዶ ለመሣሪያ ሰጠው። «ሙዚቃዊ ስልት» እዚያ ላይ ይገኛል። ዘመኑ የደርግ ነበር፤ የዘፈን ግጥም በሳንሱር የሚታለፍበት፣ ሌሊቱ በሰዓት እላፊ የሚታጠርበት።

ባንዱ በ1981 ወደ አሜሪካ ሲዘልቅ የኦርጋኑ ሰው ኃይሉ መርጊያ ከጥቂት ባልደረቦቹ ጋር በዚያው ቀረ። ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ እየነዳ፣ ተሳፋሪ በሚጠብቅባቸው ሰዓታት መኪናው ውስጥ ኪቦርዱን ይለማመድ ነበር፤ በ2018 «ላላ በሉ»ን አወጣ።

ቀን የሰው ገንዘብ ቆጥሬ ማታ ስንኝ ለምቋጥር ለእኔ፣ የዋሊያስ ፍቅር ከዚህ ይመነጫል፦ ቃል ፈልጌ ያጣሁለትን እነርሱ ያለ ቃል ብለውታል።