የካርቱን ቪዲዮ ጌም ለሕፃናት

የቴሌቪዥን ገጸ ባሕርያትን ይዞ ለትንንሽ ልጆች የሚሠራ የኤሌክትሮኒክ ጨዋታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 በአሜሪካ ቴሌቪዥን መታየት የጀመሩት ስመርፎች በዓመቱ ጌም ሆኑ፤ በ1983 የጌም ኩባንያው አታሪ የቴሌቪዥን ዝግጅቱን የሰሰሚ ስትሪትን አሻንጉሊቶች ለሕፃናት ጌም አዋለ። ፊደል ያልቆጠረ ልጅ ገጸ ባሕርያቱን አስቀድሞ ስለሚያውቃቸው የሚቀረው የጨዋታውን ሕግ መልመድ ብቻ ነው። የዘርፉ ጉልበት ይህ ነው፤ ድክመቱም ከዚሁ ይመነጫል፤ የታወቀ ፊት እርባና ቢስ ጌምንም ይሸጣልና።

ለኢትዮጵያ ቅርቡ መነሻ በብሩክታዊት ጥጋቡ የተጀመረው «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተሰኘው የልጆች የቴሌቪዥን ዝግጅት ነው (ቀጭኔዋ ፀሐይ በእርግጥ አሻንጉሊት እንጂ ካርቱን አይደለችም)። ዝግጅቱ በአገር ልጅ አፍ የሚናገር ገጸ ባሕርይ ሕፃናትን እንደሚስብ አሳይቷል። ይሁን እንጂ በአዊ ዞን ላለችው ለጫግኒ ከተማ አማርኛ ብቻውን አይበቃም። በዞኑ አዊኛ የአንደኛ ደረጃ ማስተማሪያ ነው፤ ከከተማው ወጣ ሲባል ብዙ ልጅ አፉን የሚፈታውም በእርሱ ነው። «ለጥቂት ተናጋሪ ማን ይደክማል?» የሚል ይኖራል፤ ሆኖም ሥዕሉና ፕሮግራሙ አንዴ ከተሠራ ድምፅ መጨመር ቀላሉ ሥራ ነው። ስክሪን ይጎዳል የሚለው ክርክር ይበልጥ ይከብዳል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ከ2 እስከ 4 ዓመት ላሉ ልጆች በቀን ከ1 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ባነሰ ቁጥርም እንደሚሻል መክሯል። ምክሩ ልክ ያበጃል እንጂ አይከለክልም፤ ጊዜው ባጠረ ቁጥር የጌሙ ጥራት ይበልጥ ያሳስባል። ለጫግኒ የሚበጀው በወላጅ ስልክ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ፣ በሁለቱም ቋንቋ የሚናገርና ሲያልቅ ልጁን ወደ ውጭ የሚያሰናብት ጌም ነው።